አብሮ መዋል ሁሉ መቀራረብ አይደለም፦ ስለ ወረርሽኝና ስለ ተማሪዎች ሕይወት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ወረርሽኝ በተማሪዎች ማኅበራዊና ቤተሰባዊ ሕይወት ላይ ያመጣውን ለውጥ የሚመለከት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤያለሁ። መከራከሪያው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በማዘጋቱ ተማሪው ርቆት ወደ ነበረው ቤተሰቡ ተመልሷል፤ ስልክና ኢንተርኔት ስለ ነበሩ ጓደኝነቱ የጎላ ጉዳት አልደረሰበትም፤ በልጆች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የሚቀርበው ጥቆማ በነዚያ ወራት መቀነሱም ቤት ሰላማዊ መጠለያ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ብቸኝነት ለአእምሮ ፍሬያማ መሆኑን ከአይዛክ ኒውተን ታሪክ መረዳት ይቻላል፤ መጠነኛ ጉዳት ደርሶ ከሆነም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ አብሮ አልፏል። ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ ተነሥተው፣ በሚቀጥለው ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን መዝጋት ከሁሉም የሚያንስ ዋጋ የሚያስከፍል እርምጃ በመሆኑ ቀድሞ ሊወሰድ፣ ሥጋቱ ፈጽሞ እስኪጠፋም ሊቀጥል ይገባል ሲሉ ይመክራሉ።

ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ከነጥቦቹም አንዳንዶቹ ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አንድ ስሕተት ይከተለዋል። ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳለፉትን ሰዓት የመቀራረባቸው መለኪያ አድርጎ ወስዶታል። ትምህርት ቤት ለቤተሰቡ ራሱ ምን ያደርግለት እንደ ነበረም አልጠየቀም።

ቤተሰብን ከሚመለከተው ነጥብ ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ባስታወቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ190 በሚበልጡ አገሮች 1.6 ቢሊዮን ያህል ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ይህን ያህል ሕዝብ አንድ ዓይነት ቤት የለውም። ወላጆቹ ከቤት ሆነው የሚሠሩለት፣ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ያለውና ደመወዝ ያልተቋረጠበት ቤት ልጅ ከእናቱና ከአባቱ ጋር በየቀኑ ምሳ መብላት መጀመሩ አስደስቶት ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው በዓይነ ኅሊናቸው ያዩትም ይህንኑ ልጅ ይመስለኛል። ከአምስትና ከስድስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል የሚኖረው፣ አባቱ በዚያው ሳምንት ከሥራ የተሰናበተበት፣ ወይም እናቱ ነርስ በመሆኗ ከሥራ ስትመለስ ልታቅፈው የማትደፍር ልጅ ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ለመሆኑ ደልቷቸው ነበር በተባሉት ቤቶች እንኳ የሆነው ምን ነበር? ወላጅ በአንድ ጊዜ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የፈተና ተቆጣጣሪና ለልጁ ብቸኛ የጨዋታ ጓደኛ እንዲሆን ተገደደ። ቀድሞ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚነገረው አዲስ ነገር ነበረው፤ ወላጅም የሚጠይቀው ነበረው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ሲተያዩ ከዋሉ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው ንግግር «ሥራህን ጨረስህ?» የሚለው ብቻ ነበር። ለታዳጊ ልጅ ደግሞ ከወላጅ ዓይን የራቀ ጥቂት ሰዓት የዕድገቱ አካል ነው። ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ የቤቱን ሕግ ከሌላው ቤት ሕግ ጋር ያነጻጽራል፣ በቤት ውስጥ ለመናገር ያልደፈረውን ሐሳብ ይሞክራል፣ ተጣልቶም ያለ ሽማግሌ ይታረቃል። ይህ ሰዓት ሲወሰድበት ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ ማለት ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ሌላ መሸሸጊያ ወደ መፈለግ ነው የሄደው። መሸሸጊያው ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወይም ሌሎቹ ሲተኙ ነቅቶ ማደር ነበር።

የቤት ውስጥ ሥራ ጫናም እኩል አልተከፋፈለም። ታናናሾች ባሉበት ቤት ታላቅ ልጅ፣ በተለይም ሴት ከሆነች፣ ሞግዚትና አስጠኚ ሆናለች። በዚያ ቤት አንድ ስልክ ብቻ ካለ ደግሞ ማን ትምህርቱን እንደሚከታተል የሚወሰነው በሚደረገው ድርድር ነው፤ በድርድሩ ማን እንደሚሸነፍ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የደረሰው ከዚህ ይለያል፤ ጽሑፉ ግን ከሕፃናቱ ጋር ደምሮ አልፎታል። የመኝታ ሕንፃዎች ሲዘጉ ራሱን ችሎ መኖር የጀመረ ወጣት በልጅነቱ ወደ ተኛበት ክፍል ተመልሷል። በአሜሪካ በጁላይ 2020 ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 ከሆነ ወጣቶች 52 በመቶው ከወላጆቻቸው ቢያንስ ከአንዱ ጋር ይኖሩ ነበር። ይህ ቁጥር ከ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወዲህ ታይቶ አይታወቅም። ጸሐፊው ቁጥሩን ቢያገኙት የድል ማስረጃ ያደርጉት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ለእኔ ግን የሚነግረኝ ገቢና ማደሪያ ያጣ ሰው መጠጊያ ስለ መፈለጉ ነው። መጠጊያ የሚሆን ቤተሰብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ተፈልጎ ከተደረገ መመለስ ጋር ግን አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ፣ ስለ ወረርሽኝና ስለ ቤተሰብ የተጻፈ ጽሑፍ ሞትን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሣ መጠናቀቁ ነው። በላንሴት የሕክምና መጽሔት በ2021 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ወረርሽኙ በተከሰተባቸው በመጀመሪያዎቹ 14 ወራት ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች እናታቸውን፣ አባታቸውን፣ ወይም አብረዋቸው የሚኖሩና የሚንከባከቧቸው አያቶቻቸውን አጥተዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚወዱትን ሰው ሳይሰናበቱ፣ መምህርና ጓደኛ በአጠገባቸው ሆነው ሳያጽናኗቸው፣ ቀብሩንም በሩቅ ሆነው እየተከታተሉ ነው ያዘኑት። ሐዘን የደረሰበት ተማሪ በአዘቦቱ ጊዜ ክፍል ሲገባ የወንበር ጓደኛው ፊቱን አይቶ ይረዳዋል። ካሜራው በተዘጋ የኦንላይን ክፍል ውስጥ ግን ስሙ ብቻ ነው የሚታየው።

ሞት ያልገባበት ቤትም ከፍርሃቱ አላመለጠም። ተማሪዎች ራሳቸው በጠና የመታመም ዕድላቸው አነስተኛ እንደሆነ፣ ነገር ግን በሽታውን ወደ አያቶቻቸው ሊያደርሱ እንደሚችሉ በየቀኑ ይነገራቸው ነበር። መልእክቱ በሕክምና ረገድ ትክክል ነበር፤ በአሥር ዓመት ልጅ ልቡና ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚገባ ግን የተጨነቀበት ሰው ጥቂት ነው። አያቱን መሳም ወንጀል መስሎት የከረመ ልጅ፣ አያቱ በሌላ ሕመም እንኳ ቢሞቱ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊያደርግ ይችላል። ጽሑፉ ቤተሰብን አቀራረበ የሚለው ወረርሽኝ ለብዙ ቤቶች መቀራረብን ራሱን የሥጋት ምንጭ አድርጎት ነበር።

አሁን ወደ ጓደኝነት ልለፍ። ስልክና ኢንተርኔት ጓደኝነትን ተሸክመውታል የሚለው አባባል ከሁሉ በፊት ስልክና ኢንተርኔት መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2020 መጨረሻ ባወጡት ሪፖርት መሠረት ከ3 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የዓለም ልጆች ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህሉ፣ በቤታቸው ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1937 በፖሊዮ ምክንያት የቺካጎ ትምህርት ቤቶች በጊዜው ሳይከፈቱ ሲቀሩ ትምህርት በሬዲዮ ተሰራጭቶ ነበር፤ ያኔም ሬዲዮ የሌለው ወይም ስርጭቱ ጥርት ብሎ የማይደርሰው ልጅ ቀርቷል። ያም ሆኖ ያ መዘጋት የቆየው ለሳምንታት ብቻ ነበር።

ኢንተርኔቱ በነበረበት ቤትስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው። ሁለት የልብ ጓደኛሞች በስልክ ተገናኝተው ጓደኝነታቸውን አቆይተዋል፤ አንዳንዶቹም ከቀድሞው ይልቅ የልባቸውን ተነጋግረዋል። ነገር ግን የተማሪ ማኅበራዊ ሕይወት በሁለትና በሦስት የልብ ጓደኞች ብቻ የተሠራ አይደለም። የምሳ ሰልፍ ላይ ከፊቱ የሚቆም፣ ኳስ ሲጫወት ብቻ የሚያገኘው፣ ስሙን በቅጡ ሳያውቀው በመንገድ አብሮት የሚሄድ፣ ለቡድን ሥራ በዕጣ የደረሰው፣ የማይወደው ነገር ግን ሊችለው የተማረ ብዙ ሰው አለ። ለእነዚህ ማንም ስልክ አይደውልም፤ የሚደወልበት ምክንያትም የለም። መሀከላቸው ያለው ግንኙነት የሚኖረው በአንድ ቦታ በአጋጣሚ እስከ ተገናኙ ድረስ ነው። ተማሪው ከእርሱ የማይመሳሰልን ሰው መቻል የሚለምደውና ነገ የቅርብ ጓደኛ የሚሆነውን ሰው ዛሬ በሩቁ የሚያየው በዚሁ ሰፊ ክበብ ውስጥ ነው። ስልክ ቀድሞ የተገኘን ጓደኛ ማቆየት ሲችል አዲስ ጓደኛ የሚገኝበትን ሜዳ ግን ሊተካ አልቻለም።

ከዚህ የተነሣ ይበልጥ የተጎዱት በሽግግር ላይ የነበሩት ናቸው። በ2020 አዲስ ትምህርት ቤት የገባ፣ ወይም የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን ከቤቱ ሆኖ የጀመረ ተማሪ የሚደውልለት የክፍል ጓደኛ ገና አላገኘም ነበር። ዓይናፋሩ ልጅም እንዲሁ ነው። በክፍል ውስጥ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ስለሚለምዱት ዝም ብሎ ቁጭ ቢልም ጓደኛ ያገኛል፤ በኢንተርኔት ግን ራሱ ጀምሮ ካልጻፈ እንደሌለ ይቆጠራል።

ለጸሐፊው የሚጠቅም፣ እርሳቸው ግን ያላነሡት አንድ ማስረጃ አለ፤ አለማንሣት ተገቢ ስላልመሰለኝ እኔው ልጥቀሰው። በእንግሊዝ ኦክስዌል የተባለው የተማሪዎች ጥናት እንደሚያሳየው፣ በመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ገደብ ወቅት ከተጠየቁት ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የአእምሮ ደኅንነታቸው ተሻሽሎ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ከነዚህ ውስጥ የሚያስፈራራቸውና የሚያንጓጥጣቸው የቀነሰላቸው፣ በቂ እንቅልፍ ያገኙና ከቤተሰባቸው ጋር የተስማሙ ይገኙባቸዋል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ልጁ የተሻለው ወረርሽኝ ስለ መጣ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ሊያስቆመው ይገባ ከነበረው ጉልበተኛ ስለ ራቀ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ጉልበተኛውን ሥርዓት ማስያዝ ነው። ደግሞም ሥዕሉ በአንድ ጥናት አያልቅም። 29 ጥናቶችን አሰባስቦ ከ80 ሺህ በላይ ልጆችንና ወጣቶችን የሚመለከት ትንታኔ በ2021 ታትሞ ነበር። በዚህ ትንታኔ መሠረት ከአራቱ አንዱ የድብርት፣ ከአምስቱ አንዱ የጭንቀት ምልክት ታይቶበታል፤ ይህም ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ግምት እጥፍ ያህል ነው። ከፍ ብሎ የታየው ደግሞ በሴቶችና በዕድሜ በገፉት ታዳጊዎች ላይ ነው፤ እነርሱም ከእኩዮቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

ሦስተኛው፣ ስለ ጥቃት ጥቆማ መቀነስ የቀረበው ነጥብ፣ ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ይመስለኛል። ጥቆማ ቀንሷል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ጥቆማውን የሚያቀርበው ማን ነበር? በአሜሪካ ከወረርሽኙ በፊት ስለ ሕፃናት ጥቃት ከሚቀርበው ጥቆማ አምስት አንደኛ ያህሉ የሚመጣው ከመምህራንና ከሌሎች የትምህርት ሠራተኞች ነበር። በልጁ ክንድ ላይ ያለውን ሰንበር የሚያዩት፣ ጠባዩ ድንገት መለወጡን የሚያስተውሉት እነርሱ ናቸው። ዓይናቸው ከልጁ ላይ ሲነሣ ጥቆማው መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። የዚያው አገር የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2020 መጨረሻ ያወጣው ዘገባ ይህን ያጠናክራል። በጥቃትና በቸልተኝነት ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡት ልጆች ቁጥር ቢቀንስም፣ ከመጡት ውስጥ ጉዳታቸው ከብዶ ተኝተው የታከሙት ድርሻ በ2019 ከነበረበት 2.1 በመቶ ወደ 3.2 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ቁጥር ብቻውን ጥቃት ጨመረ ለማለት አይበቃም፤ ቀላል ጉዳት ያለባቸው ወደ ሆስፒታል መሄድ ፈርተው ሊሆን ይችላል። ቤት ሰላማዊ ነበር ለሚለው መደምደሚያ ግን ጨርሶ አይረዳም። ዝምታን እንደ ሰላም መቁጠር ጸሐፊው ራሳቸው በሌላ ጉዳይ ላይ ቢያገኙት የማይቀበሉት ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

በኒውተን ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። እውነት ነው፣ በ1665 ወረርሽኝ ካምብሪጅን ሲያዘጋ ወደ ትውልድ ስፍራው ወደ ዉልስቶርፕ ሄዶ በሒሳብና በብርሃን ጥናት ታላላቅ ሐሳቦችን አፍልቋል። ነገር ግን ያኔ የ22 ዓመት ሰው፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ፣ እናቱም የእርሻ ርስት ያላቸው ነበሩ። የታናናሾቹን የቤት ሥራ እንዲያስጠና የጠየቀው ሰው ስለ መኖሩ የተጻፈ ነገር አላየሁም። ከቤተሰብ ፍቅር አንጻር ደግሞ ምሳሌነቱ ይበልጥ ይከብዳል። በ1662 በማስታወሻው ከመዘገባቸው ኃጢአቶቹ አንዱ እናቱንና እንጀራ አባቱን ከነቤታቸው አቃጥላችኋለሁ ብሎ ማስፈራራቱ ነበር።

ጉዳቱ ጊዜያዊ ነበር የሚለው ነጥብ የሚፈተነው በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ በሆነው ነው። በአሜሪካ ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ የሚቀሩ ተማሪዎች በ2018–19 የትምህርት ዘመን 15 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2021–22 ግን 28 በመቶ ደርሰዋል። በእንግሊዝም በተመሳሳይ መለኪያ 11 በመቶ አካባቢ የነበረው ከ22 በመቶ አልፏል። ልጁ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት መሄዱ ከልማድና ከሚጠብቁት ጓደኞች የተሠራ ነገር ነበር፤ አንዴ ከተበጠሰ በሩ ስለ ተከፈተ ብቻ ተመልሶ አይቀጠልም። ለአንዳንዶች ደግሞ የሚመለሱበት መንገድ ራሱ ተዘግቶባቸዋል። በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ወይም በከፊል ተዘግተው ወደ ሁለት ዓመት ሊጠጋ ቆይተው በጃንዋሪ 2022 ሲከፈቱ፣ በመሀል ያገቡ፣ የወለዱና ወደ ሥራ የገቡ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ቀደም በሴራሊዮን በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው በኤፕሪል 2015 ሲከፈቱ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ ልጃገረዶች ከመደበኛው ክፍል እንዲገለሉ መንግሥት ወስኖ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በማርች 2020 ነው። ለእነዚያ ልጃገረዶች ጉዳቱ ጊዜያዊ ነበር የሚል ሰው ቁጥሩን ሳይሆን ሕይወታቸውን ይመልከት።

የቀረው የጸሐፊው ምክር ነው። ትምህርት ቤት መዘጋት የለበትም አልልም። በ2020 መጀመሪያ ስለ ቫይረሱ የሚታወቀው ጥቂት በነበረበት ጊዜ መዝጋት ሊወቀስ የሚገባው ውሳኔ አልነበረም። ዋጋው ትንሽ ነው የሚለው ግን ሒሳቡን አለማየት ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እንዳስታወቀው መዘጋቱ በተስፋፋበት ጊዜ 370 ሚሊዮን ያህል ልጆች በትምህርት ቤት ያገኙት የነበረው ምግብ ተቋርጦባቸዋል፤ ያንን ወጪ የሸፈነው ቤተሰብ ነው፣ ወይም ማንም አልሸፈነውም። ዴንማርክ ደግሞ ሕፃናትንና እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን በኤፕሪል 15 ቀን 2020፣ በትናንሽ ቋሚ ቡድኖች ከፋፍላ መልሳለች። ስለዚህ ምርጫው ሥጋቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ በመዝጋትና ምንም ባለማድረግ መካከል ብቻ አልነበረም።

በመክፈቻው ቅደም ተከተል ላይም ከጸሐፊው ጋር አንስማማም። እርሳቸው የማጠቃለያ ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ይቅደሙ ይላሉ፤ ብዙ አገሮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ፈተና በቁጥር ይለካል። እነዚያ ተማሪዎች ግን ለዓመታት የቆየ ጓደኝነትና የሚያውቃቸው መምህር ያላቸው ናቸው። እኔ ብሆን ከነርሱ እኩል፣ ቦታ ከጠበበም ከነርሱ በፊት፣ በዚያ ዓመት ወደ አዲስ ትምህርት ቤት የገቡትን አስቀድማለሁ፤ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአነስተኛ ቡድን፣ ሜዳ ላይም ቢሆን። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በሚቆይባቸው ሳምንታት ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ በስሙ የሚደውልለት አንድ መምህር ይመደብለት። ጥሪው ስለ ቤት ሥራ ለመጠየቅ ሳይሆን ከልጁ ጋር ለመነጋገር ይሁን፤ መምህሩም ከወላጁ ብቻ ሳይሆን ከልጁ ራሱ ጋር፣ የሚቻል ከሆነም ሌላ ሰው በማይሰማበት፣ ይነጋገር። ኢንተርኔት በሌለበትም በተራ ስልክ ሊሠራ ይችላል። ስልክ የሌለውን ልጅ ደግሞ መምህሩ በር ላይ ቆሞ፣ ርቀቱን ጠብቆ ሊጠይቀው ይችላል።